ከላይ አይራገብም

«ከላይ አይራገብም» አለች ሩት።

ፍራሹ ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች ዞረው አዩዋት። ትናንት ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ ሐዘንተኛዋ አፏን ከፍታ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አንዷ ጠጋ ብላ «ምን አልሽ የኔ እናት?» አለቻት። ሌላዋ ደግሞ ግንባሯን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ትኩሳት ይኖራት ይሆን ብላ።

«ውጭ ያለችውን ነው የምለው። ከሰሉን ከላይ እያራገበች ነው። ከላይ ሲሆን አመዱ ይቦናል እንጂ ፍሙ አይነሣም። ከታች በምድጃው በር በኩል ነው የሚራገበው።»

ከግድግዳው ማዶ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ የካርቶን ማራገቢያ ድምፅ ይሰማል። ሩት ያችን ሴት አላየቻትም፤ ማየትም አላስፈለጋትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የኖረችው ከምድጃ ጋር ነው፤ ካርቶኑ ከየት በኩል እንደሚመታ ከድምፁ ታውቃለች።

«እሺ እነግራታለሁ» አለች አንዷ። ግን አልተነሣችም። ሐዘንተኛ እንዲህ አለች ተብሎ ማን ይነሣል? ሐዘንተኛ ያለቅሳል፣ ጋደም ይላል፣ በግድ ይቀምሳል። እሳትማ ጭራሽ ጉዳዩ አይደለም። በዚያ ሰፈር ልማድ፣ ሬሳ የወጣበት ቤት ሰው ሣልስቱ እስኪወጣ እሳት አይነካም፤ የሚያነዱትም የሚቀቅሉትም እድርተኞቹ ናቸው። ስለዚህ ሩት ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ከሰሉ በከንቱ ሲያልቅ እየሰማች ተቀመጠች።

የሞተችው እናቷ ናት፤ ወይዘሮ በዛብሽ። ሐሙስ ጠዋት ጭቃ ስትለውስ ቆይታ «ራሴን» ብላ ቁጭ አለች፣ ከዚያ አልተነሣችም። ደም ግፊት ነው አሉ። ዓርብ ተቀበረች። በቀብሩ ላይ የእድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ገለታ ጃንጥላ ተይዞላቸው የሕይወት ታሪኳን አነበቡ። የት እንደተወለደች፣ መቼ እንዳገባች፣ ስንት እንደወለደች አንድም አልቀረም። «ወይዘሮ በዛብሽ በግል ሥራ ተሰማርተው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ...» ሲሉ ሩት ቀና አለች። ከዚያ በኋላ የተነበበውን አልሰማችም።

በግል ሥራ! ወረቀቱን የጻፈው ታላቅ ወንድሟ ሠርፀ ነው። ቢሮ የሚሠራ፣ ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍ፣ አንዲት ቃል ያለ ቦታዋ የማያስቀምጥ ሰው ነው። ስለዚህ ረስቶት ነው ማለት አይቻልም።

*

በዛብሽ ከኪራሙ ወደ ነቀምቴ የወረደችው ሩት ጡት ሳትጥል ነው። ባሏን ወባ ወስዶባት፣ አንዷን አዝላ አንዱን በእጇ ይዛ መጣች። መጀመሪያ የያዘችው ሥራ ከሰል በጣሳ መቸርቸር ነበር። ደንበኞቿ የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ሰኞ የገዙት ረቡዕ ያልቅባቸዋል፣ ረቡዕ የገዙት ዓርብ። ሌላ ቸርቻሪ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሷን ግን ነገሩ ከነከናት። በየቤታቸው እየዞረች የብረት ምድጃቸውን ማየት ጀመረች። ከሰሉ ይነዳል፤ ሙቀቱ ግን በብረቱ ጎን እየወጣ ግድግዳ ያሞቃል፣ ቀሚስ ይለበልባል፣ ድስቱ ሥር የሚደርሰው ከግማሽ አይበልጥም።

«እናንተ እኮ ከሰል የምትገዙት ለግድግዳው ነው» ትላቸው ነበር።

ከከተማው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት ነበሩ። ማሰሮአቸውን የማይገዛ የለም፣ ቤታቸው ገብቶ ውኃ የሚጠጣ ግን አልነበረም። ቡዳ ናቸው ይባል ነበር። በዛብሽ ገባች፣ ውኃም ጠጣች፣ ሁለት ዓመት ከጭቃው ጋር ስትታገል ከረመች። በመጨረሻ የሠራችው ምድጃ ከውጭ ቆርቆሮ ነው፤ ያንን ገበያ ውስጥ ታስቆርጠዋለች። ከውስጥ ግን ወፍራም ሸክላ አለው፤ እሷ ሆዱ ትለዋለች። ጭቃውን የምትለውሰው በቡና ገለፈት ነው። በቆርቆሮውና በሆዱ መሀል የተነፋ አመድ ትጠቀጥቃለች፣ ሙቀቱ በጎን እንዳይሸሽ። ድስቱ የሚያርፍባቸው ሦስቱ ጉብታዎች ከትንሽ ጣት ውፍረት አይበልጡም፣ እሳቱ ድስቱን እየላሰ እንዲወጣ እንጂ ወደ ሰማይ እንዳይሄድ። ሲያልቅ ከበሩ በታች አውራ ጣቷን ጭቃው ላይ ትጫናለች። ያ ምልክቷ ነው።

ሰዓት አልነበራትም። ስለዚህ ምድጃዋን የምትፈትነው በአባታችን ሆይ ነበር። ማንቆርቆሪያ ውኃ ትጥድና እስኪፈላ ድረስ ስንቴ እንደደገመች በጣቷ ትቆጥራለች። በብረቱ ምድጃ ሠላሳ ሁለት፣ በሷ የመጀመሪያ ምድጃ ሃያ ስድስት፤ የበሩን ስፋት ቀይራ፣ ጉብታውን ዝቅ አድርጋ፣ ሃያ ሁለት። አሥራ ዘጠኝ የገባ ቀን እልል አለች። የነፍስ አባቷ ይህን ሰምተው ጸሎት የውኃ መለኪያ አይደለም ብለው ገሠጿት። «አባቴ፣ ጸሎቱም ይደርሳል ውኃውም ይፈላል፣ ማን ተጎዳ?» አለቻቸው።

ከሰል እየሸጠች ከሰል የማይበላ ምድጃ ሠርታ የገዛ ገበያዋን ገደለች። ሰው ሁሉ ሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች፣ ከዚያ ከሰሉን ትታ ምድጃውን መሸጥ ያዘች። ስሟ ግን የዚያኑ ዕለት ተቀየረ። ከሰል ቸርቻሪዋ በዛብሽ፣ ሸክላ ሠሪዋ ሆነች። ትምህርት ቤት አብረውት የሚበሉ ልጆች ከሠርፀ የምሳ ዕቃ ራቅ ማለት ጀመሩ። ሩትም ሁለቴ ተደባደበችበት። ሠርፀ ግን አይደባደብም ነበር፤ ዝም ብሎ ምሳ ይዞ መሄድ ተወ።

የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪው አንድ ቀን ጎበዝ ተማሪያቸውን ሊያመሰግኑ ቤት መጡ። በዛብሽ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበረች፣ ሻይ ተጥዷል፣ ፍሙ ነጭ ሆኗል። እሳት ሲነሣ የታችኛው በር በግማሽ ካልተዘጋ ከሰሉ እንዲያው ይነዳል፤ ይህንን ስንት ጊዜ ተናግራለች። እጇ ስለማይመቻት የምትዘጋው በእግሯ አውራ ጣት ነው። ያን ቀንም እያወራቻቸው እግሯን ከጫማዋ አወጣች፣ የጋለውን በር ጠቅ አድርጋ ገፋችው፣ መልሳ ተጫማች። አስተማሪው ሳቁ። ለነገሩ የሳቁት በመገረም ነው። ሠርፀ ግን ጓሮ ሄዶ አለቀሰ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሰው ወደ ቤቱ ይዞ አልመጣም።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ሩት «ልወጣ ነው» ብላ ነጠላዋን ተከናነበች። ሴቶቹ ወደ ሽንት ቤት ነው ብለው ለቀቋት። እሷ ግን ወደ እናቷ መሥሪያ ቦታ ሄደች፤ ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው የቆርቆሮ ዳስ።

በረንዳው ላይ ተደርድረው የነበሩት ያለቁ ምድጃዎች በሙሉ እዚያ ገብተዋል፤ ሠላሳ ይሆናሉ። በላያቸው ድፍን ላስቲክ ተጎትቶባቸዋል። ላስቲኩን ገለጠችው። እናቷ ረቡዕ የሠራቻቸው ሰባት ሆዶች፣ ገና እርጥብ የነበሩት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለዋል። እርጥብ ሸክላ ጥላ ውስጥ ለየብቻው ይቀመጣል፣ በየቀኑ ይገላበጣል፤ አለዚያ ባንድ ጎኑ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እነዚህ ላስቲኩ ሥር አልቧቸዋል። አንድ በአንድ አወረደቻቸው። ስድስቱ ደህና ናቸው። ከሥር የነበረው ሰባተኛው ግን ተጨፍልቆ ጎኑ ተተርትሯል።

«ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?» ሠርፀ ነው፣ ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ፣ ዳሱ በር ላይ።

«ማን ነው እንዲህ የቆለለው?»

«እኔ ነኝ። ድንኳን ሲተከል ግቢው መጽዳት ነበረበት።»

«ግቢውን ነው ያጸዳኸው ወይስ እማዬን?»

«ሩቴ ማሎ፣ እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ» አለ ወደ ኋላው እያየ። «ነገ የኬኔ ቤተሰቦች ከዲጋ ይመጣሉ። ሽማግሌ ልከን ገና የጋብቻውን መልስ አላገኘንም። የእናትህ ሥራ ምንድን ነው ብለው ጠይቀውኝ የቤት ዕቃ ትነግዳለች ብያቸዋለሁ።»

«ዋሸሃቸው።»

«ምድጃ የቤት ዕቃ አይደለም እንዴ?»

ሩት ለቅሶ ላይ ባትሆን ትስቅ ነበር። ሆዱን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው፣ መሬት አስቀመጠችው፣ ሌላውን አነሣች።

«አስተማረችህ፤ በዚህ ጭቃ ነው ያስተማረችህ። ስትሞት ሁለት ቃል ነበር የምትጽፍላት። ሸክላ ሠሪ። ኦቦ ገለታ ሰው ሁሉ ፊት ቢያነቧት ምን ትሆን ነበር? አሁን ማን እንደሆነች ሳይታወቅ ተቀበረች።»

«የኬኔን አጎት አታውቂያቸውም። ኦቦ ጋሩማ ይህን ቢሰሙ አንድ ቀን አያድሩም፤ ነገሩ አበቃ። አንድ ቀን ብቻ ታገሺኝ። እነሱ ይሂዱ፣ ከዚያ ከፈለግሽ ምድጃውን አደባባይ ላይ ደርድሪው። ደግሞ ሐዘንተኛ ነሽ፤ ሰው ሥራ ስትሠሪ ካየሽ ምን ይላል?»

ሩት ወደ ሆዶቹ ዞረች። ስድስቱን ለየብቻ ደረደረች፣ የተጨፈለቀውን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለች። እጇን ሳትታጠብ ወደ ፍራሿ ተመለሰች። ያን ቀን ከሰዓት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ የጨበጣት ሁሉ የእናቷን ጭቃ ነክቶ ሄደ። አንዳንዱ መዳፉን ገልብጦ አየ። ሩት ዓይናቸውን እያየች «አሜን» አለች።

*

እሑድ ሣልስቱ ነው። የነቀምቴ የሐምሌ ዝናብ ይሉኝታ የለውም፤ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራም። መብራት ከቅዳሜ ጀምሮ የለም። የማገዶው እንጨት በስብሷል። የቀሩት የእድሩ ሦስት የብረት ምድጃዎች ናቸው፣ እነሱን የያዘችው ደግሞ እትዬ ሕብረት ነች፤ የጎረቤት ሴት፣ ልቧ ንጹሕ፣ እጇ ግን ከሰል ላይ የማይሆንላት።

ከዲጋ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ባጃጅ የማይገባበትን የሰፈሩን ጭቃ በእግራቸው ወጥተው፣ እስከ ጉልበታቸው ርሰው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ፊት ፊት የሚሄዱት አዴ ቀለሟ ናቸው፣ የኬኔ እናት፣ ቆፍጠን ያሉ ሴት። ከኋላቸው አጎቷ ኦቦ ጋሩማ በከዘራቸው፣ ከዚያ ኬኔ አንገቷን ደፍታ። «ዋቃዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ» ብለው ሁሉንም ጨብጠው ተቀመጡ። እጃቸው እንደ በረዶ ነበር።

ሠርፀ ቡና አዘዘ፣ ሻይ አዘዘ፣ ንፍሮ አዘዘ። ምንም አልመጣም። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ። እንግዶቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ዝናቡን ያያሉ። እትዬ ሕብረት ፊቷ ጥላሸት እንደሆነ መጥታ ሠርፀ ጆሮ ላይ አጎነበሰች፤ ሩት ከጎኑ ስለሆነች ሁሉንም ሰማች።

«ውኃው ለብ አላለም። ጨምሬ ጨምሬ ያፈንኩት መሰለኝ።»

«ጨምሪበት እንጂ እትዬ፣ ከሰል ሞልቷል እኮ።»

«ሁለተኛው ማዳበሪያ ነው ልጄ እያለቀ ያለው።»

ኦቦ ጋሩማ ሳሉ። አዴ ቀለሟ የረጠበ ቀሚሳቸውን ጨመቁ። ሩት ይህን አየች፤ ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ላስቲክ ስር ያሉትን ሠላሳ ምድጃዎች አሰበች። እናቷ ቤት የመጣ ሰው ሲበርደው! እማዬ ይህን ብታይ ሁለተኛ ትሞት ነበር። ተነሣች።

«ኧረ ቁጭ በይ ልጄ» አለች አጠገቧ ያለችው ሴት ነጠላዋን ይዛ። «ሣልስቱ ሳይወጣ እሳት አይነካም፣ ነውር ነው።»

«እናቴ እሳት ስትነካ ኖራ ነው የሞተችው። እኔ ብነካው አትቀየመኝም» አለችና ነጠላዋን አስለቀቀች።

ስትመለስ በግራና በቀኝ ጎኗ ሁለት ምድጃ ታቅፋ ነበር። ሠርፀ ድንኳኑ አፍ ላይ ጠበቃት። ዝናቡ በመካከላቸው ይወርዳል።

«ዛሬን ብቻ ብዬሽ ነበር» አለ በጥርሱ መሀል።

«እንግዶችህን የበረዳቸው ዛሬ ነው። ዞር በል።»

ሰው እያያቸው ነው። ሠርፀ ዞር አለ።

ምድጃዎቹን ሁሉም የሚያያቸው ቦታ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ቀዳዳዎቻቸውን በስንጥር አንድ በአንድ ወጋች። ትልልቁን ከሰል እየሰበረች ከእንቁላል አሳነሰችው። ከታፈኑት የእድሩ ምድጃዎች ሥር የተረፈውን ፍም ለቅማ ከታች አደረገች፣ ጥቁሩን ከላይ። እስከ አፉ አልሞላችውም፤ ሁለት ጣት ያህል ተወች። በሩን ወደ ነፋሱ አዙራ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማራገቢያ አልፈለገችም። አንዱ ላይ ማንቆርቆሪያውን ጣደች፣ ሌላው ላይ የንፍሮውን ድስት።

ድስቱ የእድሩ ነው፣ ታቹ ጠባብ። በዙሪያው እሳቱ ዝም ብሎ ሽቅብ ይወጣል። ሩት ትንሽ አየችውና «እትዬ፣ ዳሱ ውስጥ በጆንያ የተጠቀለለ አለ፣ አምጭልኝ» አለች። የተጨፈለቀው ሰባተኛው ነበር። ስትገልጠው ጎኑ ላይ የእናቷ ጣቶች የሄዱበት መስመር አሁንም ይታያል። እጇ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ከፍላ ለወሰችው፣ በድስቱና በምድጃው መሀል ዙሪያውን ደፈነችበት፣ ጭስ መውጫ ያህል ብቻ ተወች። እስከ አንጓዋ ጭቃ ሆነች።

ከዚያ ተቀምጣ በልቧ አባታችን ሆይ ማለት ጀመረች። አምስተኛው ላይ ፍሙ ቀላ። አሥረኛው ላይ ማንቆርቆሪያው ማንሾካሾክ ያዘ። ዳር የተቀመጡ አሮጊቶች ዱካቸውን እየጎተቱ ጠጋ ጠጋ አሉ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ክዳኑ ዘለለ።

ሻይና ቡና ለእንግዶቹ ዞረ። አዴ ቀለሟ ግን ሲኒያቸውን ሳይቀበሉ ተነሥተው መጡ፣ መዳፋቸውን ምድጃው ላይ ዘረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከበሩ በታች ያለችውን የአውራ ጣት ምልክት በጣታቸው ነኩ።

«ኩን ካን ኤኙቲ?» አሉ ወደ ሠርፀ ዞረው። «የማን ሥራ ነው? እኔ ቤት አንድ አለ። ስድስት ዓመቱ፣ እስካሁን አልተሰነጠቀም። ዲጋ ገበያ ስገዛው ሻጩን ማን ሠራው ብለው የነቀምቴዋ ሴትዮ ናት አለኝ። ስሟን አያውቀውም።»

ሠርፀ ወደ ኦቦ ጋሩማ አየ።

«ስሟ በዛብሽ ነው» አለች ሩት ከተቀመጠችበት። ድምፅዋን አልቀነሰችም፤ ድንኳኑ መጨረሻ ያሉት ኦቦ ገለታ እንኳ ቀና አሉ። «እናታችን ናት። ሸክላ ሠሪ ነበረች። ዓርብ ዕለት በግል ሥራ ተብሎ የተነበበው ይኼ ነው። የግል ሥራዋ ሸክላ ነው።»

ከዲጋ ከመጡት አንዱ ኦቦ ጋሩማ ጆሮ ላይ በኦሮምኛ አንሾካሾከላቸው። ሱጴ፣ ሸክላ ማለት ነው፣ የምትለዋ ቃል ተለይታ ተሰማች። ሽማግሌው ሳይቀምሱት የያዙትን ሲኒ መሬት አስቀመጡ። ከዘራቸውን አነሡ። ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ ዝናቡ ወጡ፣ ሁለት ወንዶችም ተከተሏቸው። ኬኔ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሩት ለወንድሟ አዘነችለት። ግን የተናገረችውን ለመመለስ ለአፍታም አላሰበችም።

አዴ ቀለሟ የወጡትን በዓይናቸው ሸኙ፣ አልጠሯቸውም። «የቤት ዕቃ ነጋዴ ናት አልነበረም ያልከን፣ ኢልማ ኮ?» አሉት ሠርፀን፣ ልጄ ለማለት።

«ምድጃ... የቤት ዕቃ ነው» አለ ሠርፀ።

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አምልጧት አፏን በነጠላ አፈነች። አዴ ቀለሟ አልሳቁም። «የሠርጉን ነገር ቤታችን ገብተን እንመክርበታለን። አሁን ያንን ሻይ ስጡኝ፣ እጄ ደንዝዟል» አሉና እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ።

ሠርፀ እንደ ቆመ ቀረ። ሱፉ ርሷል፣ ጫማው ግን አሁንም ያበራል። በነዚህ ሦስት ቀናት ሰው ሲቀበል፣ ሰው ሲሸኝ፣ ድንኳን ሲያስተክል ነው የከረመው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰም። የንፍሮው ድስት በኃይል መፍላት ጀምሯል። ፍሙ ነጭ ሆኗል። የታችኛው በር ግን አሁንም ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ሠርፀ፣ በሩን» አለች ሩት የጭቃ እጆቿን አንሥታ እያሳየችው።

ዙሪያውን አየ። ጨርቁ እትዬ ሕብረት እጅ ላይ ነው፣ እሷ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ርቃለች።

«በምን?» አለ።

«በምን እንደሚዘጋ ታውቃለህ።»

እህትና ወንድም ተያዩ። ከሰሉ በከንቱ ይነዳል። ሠርፀ ወደ ወጡት ሰዎች በኩል አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ዝቅ አለና የጫማውን ክር ፈታ። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የቢሮ እግር ነበር። ሰው ሁሉ እያየው፣ አዴ ቀለሟ እያዩት፣ በአውራ ጣቱ የጋለውን በር ገፋው። ቆርቆሮው ሲጢጥ አለና በግማሹ ቆመ፣ ልክ መቆም ያለበት ቦታ ላይ።

እናቱ ያን በር ሃያ ዓመት ስትገፋው ጣቷ ደንድኖ ነበር። የሱ ግን አልደነደነም። «እህ» አለና እግሩን ሰበሰበ፣ በአንድ እግሩ ተንገዳግዶ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እንደ ልጅ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ «እማዬ» እያለ። ጣቱን ይዞ ነው የሚያለቅሰው፤ ስለ ጣቱ እንዳልሆነ ግን ሁሉም ገብቶታል። ኬኔ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

ልጆች ሆነው ምድጃ ሲያቃጥላቸው በዛብሽ ገና ሳያለቅሱ እርጥብ ሸክላ ትለጥፍባቸው ነበር። «ሳይደርቅ እንዳትነኩት» ትላቸዋለች። ሩት ከሰባተኛው የተረፈውን ጭቃ ዘግና መጣች፣ እግሩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጣቱን በሙሉ ለበጠችው።

እትዬ ሕብረት ደንግጣ በጣሳ ውኃ ይዛ ሮጠች። «ሰው እያየ፣ በሱፍ፣ ኧረ ይታጠብ!»

«ተዪው እትዬ» አለ ሠርፀ እግሩን ከእህቱ ጉልበት ሳያነሣ። «ይድረቅ።»